ከሚቆጣው ልጅ ጐን የሚውሉ ሰዎች

በአሜሪካ አገር በሚገኙት የሕዝብ ትምህርት ቤቶች፣ መምህር ሳይባሉ ከመምህር ጋራ በአንድ ክፍል የሚውሉ ሰዎች አሉ። በሰሌዳው ፊት ቆመው አያስተምሩም፤ ፈተና አያወጡም፤ በወላጆች ቀንም ንግግር አያደርጉም። ቦታቸው በክፍሉ መጨረሻ ወይም በአንድ ልጅ ወንበር አጠገብ ነው። ሥራቸው ግን በዚያ ክፍል ከሚሠራው ሥራ ሁሉ ምናልባት ከባዱ ሳይሆን አይቀርም፤ አጠገቡ የሚቀመጡት ልጅ ጠረጴዛ የሚገለብጥ፣ ከክፍል እየሮጠ የሚወጣ፣ ወይም ደግሞ ቀኑን ሙሉ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ የሚውል ልጅ ነውና። እነዚህ ሰዎች እንደየግዛቱ ልማድ ፓራፕሮፌሽናል፣ ፓራኤዱኬተር፣ ወይም የክፍል ረዳት ይባላሉ። እኛ በዚህ ጽሑፍ በቀላሉ ረዳት እንላቸዋለን።

ስለ እነርሱ እንድንጽፍ ያነሣሣን ምክንያት ከአንባቢዎቻችን ቤት የራቀ አይደለም። በዋሽንግተን ከተማ፣ በአካባቢዋ ባሉት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ ወገኖቻችን በብዛት በሰፈሩባቸውም በሌሎች ከተሞች ይህን ሥራ የያዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። ከእነርሱም መካከል በአገራቸው ሳሉ መምህራን የነበሩ ይገኙበታል፤ የሥራው ሰዓት የራሳቸውን ልጆች ከትምህርት ቤት ለመቀበል ስለሚመች የመረጡት እናቶችም አይጠፉም። አገር ቤት ያለ ዘመድ ስለ እንዲህ ያለችው እናት ሲጠየቅ «ልጅ ትጠብቃለች» ብሎ ያልፈዋል። እርሷም ብትሆን ክንዷ በልጅ ጥፍር ተቧጭሮ በገባችበት ማታ ለቤተ ሰቧ ምን ብላ እንደምታስረዳ ይቸግራታል። እኛ እንደሚመስለን ይህ ሥራ ልጅ ከመጠበቅ እጅግ የተለየ፣ የራሱ ዕውቀትና የራሱ ሥርዓት ያለው ነው፤ ምን እንደ ሆነም ለይቶ ማወቅ ሠራተኛውንም፣ ልጁ እንዲህ ያለ ረዳት የተመደበለትንም ወላጅ ይጠቅማል።

አስቀድሞ፣ እንዲህ ያለው ልጅ ከሌሎች ልጆች ጋራ በትምህርት ቤት ሊገኝ የቻለው እንዴት እንደ ሆነ እናስታውስ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አሜሪካም ብትሆን ይህን ልጅ ከደጅ የምትመልስበት ዘመን ሩቅ አልነበረም። በ1971 በዋሽንግተን ከተማ በሰባት ልጆች ስም የከተማይቱ የትምህርት ቦርድ ተከሰሰ። ከሰባቱ አንዱ የ12 ዓመት ልጅ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ከትምህርት የተገለለውም ጠባዩ አስቸጋሪ ነው ተብሎ ነው። ቦርዱ ለእንዲህ ያሉት ልጆች የሚበቃ ገንዘብ የለኝም ሲል ተከራከረ። ዳኛው ጆሴፍ ዋዲ በ1972 በሰጡት ፍርድ፣ ገንዘብ የሚያንስ ከሆነ ያለው ለሁሉ በትክክል ይዳረስ እንጂ ጕድለቱ በእነዚህ ልጆች ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ሊከብድባቸው አይገባም አሉ። ዛሬ አያሌ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን በሚያስተምሩባት በዚያችው ከተማ የሆነ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ በ1975 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ የፈረሙበት ሕግ ለአካል፣ ለአእምሮና ለስሜት ጕዳተኞች ልጆች ሁሉ ያለ ክፍያ ተገቢ ትምህርት እንዲሰጥ አዘዘ። በሕጉ መግቢያ ላይ የተጻፈው ቍጥር የሚያስደነግጥ ነው፤ በአገሪቱ ከስምንት ሚሊዮን የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ልጆች እንዳሉ፣ ከእነርሱም አንድ ሚሊዮን ያህሉ ከሕዝብ ትምህርት ቤት ፈጽሞ የተገለሉ እንደ ነበሩ ይናገራል። ሕጉ በ1990 ስሙ ተለውጦ አይዲኢኤ ተባለ፤ በ1997 ሲሻሻልም ሁለት ነገር ጨመረ። አንደኛው፣ የልጁ ጠባይ የራሱን ወይም የሌሎችን ትምህርት የሚያሰናክል በሆነ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ከቅጣት አስቀድሞ ጠባዩን የሚያቃናበትን በጎ ዘዴ እንዲያስብ ነው። ሁለተኛው፣ በሚገባ የሠለጠኑና ተቈጣጣሪ ያላቸው ረዳቶች በዚህ ትምህርት ሊያግዙ እንደሚችሉ ነው። ስለዚህ ረዳቱ በቸርነት የተጨመረ ሰው አይደለም፤ ሕግ የሚያውቀው ሰው ነው።

ሕጉ «የስሜት መታወክ» ብሎ የሚጠራውንም ነገር እንዲያው በጅምላ አልተወውም። ልጁ ሌላ ምክንያት ሳይገኝበት መማር ሲያቅተው፣ ከጓደኞቹና ከመምህራኑ ጋራ መወዳጀት ሲሳነው፣ በደኅናው ጊዜ የማይገባ ጠባይ ወይም ስሜት ሲያሳይ፣ በኀዘን ተውጦ ሲኖር፣ ወይም ከትምህርት ቤት ነገር የተነሣ ፍርሃትና የሰውነት ሕመም ሲያድርበት፣ ከእነዚህም አንዱ ወይም ከአንድ የሚበልጠው ብዙ ጊዜ ቈይቶና በርትቶ ትምህርቱን ሲጐዳ ነው። እንግዲህ አያቱ ሞታበት ለሳምንታት ያለቀሰ ልጅ በዚህ አይቈጠርም። ደግሞም ልብ በሉ፤ ከአምስቱ ምልክቶች መካከል ጠረጴዛ መገልበጥን የሚመስለው አንዱ ብቻ ነው። ዝም ብሎ የሚያዝነው ልጅ ማንንም ስለማይረብሽ ብዙ ጊዜ ሳይታይ ይቀራል።

ለመሆኑ ረዳቱ ከጧት ጀምሮ ምን ይሠራል? በመጀመሪያ ደረጃ ያያል፤ ያየውንም ይጽፋል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው በልጅ ሲናደድ የሚያየው ልጁን ሳይሆን የራሱን ንዴት ነው። ስለዚህ ረዳቱ ሦስት ነገሮችን ለይቶ እንዲመዘግብ ይማራል፤ ከቁጣው በፊት ምን ነበረ? ልጁ በትክክል ምን አደረገ? ከዚያስ በኋላ ምን አገኘ? በመዝገቡ «ረበሸ» ወይም «ባለጌ ሆነ» ተብሎ አይጻፍም። «ከጧቱ 4 ሰዓት ከ10 ላይ የሒሳብ ወረቀት ሲሰጠው እርሳሱን ወረወረ፤ ወረቀቱን ቀደደ፤ 6 ደቂቃ ጮኸ፤ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ተላከ» ተብሎ ይጻፋል እንጂ።

ምሳሌውን ትንሽ እንግፋበት። ይህ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው እንበል። ረዳቷ የሁለት ሳምንት መዝገብ ጐን ለጐን አድርጋ ብታነብ፣ ልጁ እርሳስ የወረወረው በሒሳብ ሰዓት ሁሉ አለመሆኑን ታያለች። ቍጥር ብቻ በተጻፈበት ወረቀት ላይ ጸጥ ብሎ ሠርቷል። የወረወረው ጥያቄው በቃላት በተጻፈ ቀን፣ ይኸውም «አንዲት ሴት 12 ብርቱካን ገዝታ» እያለ በሚጀምር ቀን ብቻ ነው። እንግዲህ ሕመሙ ሒሳብ አይደለም፤ ልጁ ማንበብ አልቻለም። ይህንንም ጓደኞቹ ከሚያውቁበት ባለጌ መባልን መርጧል። መምህሩ በየጊዜው ወደ ቢሮ ሲሰዱት ቅጣት የሰጡት መስሏቸዋል፤ እርሱ ግን የፈለገውን አግኝቷል፤ ጥያቄውን በጓደኞቹ ፊት ከማንበብ አምልጧል። በማግሥቱም እርሳሱን ቢወረውር ሊያስደንቀን አይገባም። ቅጣት ያልነው ነገር ደመወዙ ሆኗልና።

የጠባይን ምክንያት እንዲህ አድርጎ መፈለግ በዘመናችን የሰፋው በምርምር ነው። በ1982 ብራያን ኢዋታና ባልደረቦቻቸው በባልቲሞር ከተማ ራሳቸውን በሚጐዱ ዘጠኝ ልጆች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ከውጭ ሲታይ አንድ የሚመስለው ድርጊት ከልጅ ልጅ የተለያየ ምክንያት እንዳለው አሳዩ። ከዚያ ወዲህ የተለመደው አከፋፈል አራት ነው፤ ልጅ የሚያስቸግረው ሰው እንዲያየው፣ ከአንድ ነገር ለማምለጥ፣ አንድ ነገር ለማግኘት፣ ወይም ድርጊቱ ራሱ ለሰውነቱ ስለሚስማማው ነው። ሰው እንዲያየው የሚጮኸውን ልጅ በቁጣ መገሠጽ ምግብ ማቅረብ ነው፤ ለማምለጥ የሚጮኸውን ከክፍል ማስወጣት በር መክፈት ነው። ስለዚህ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ይሆንበታል። ረዳቱ መዝገብ የሚይዘውም ይህን ለመለየት ነው።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ የሚቀጥለው ሥራ ልጁ ያንኑ የሚፈልገውን ነገር በደኅና መንገድ መጠየቅን እንዲማር ማድረግ ነው። ኤድዋርድ ካርና ማርክ ዱራንድ በ1985 ባወጡት ጥናት፣ ልጆቹ እርዳታን ወይም ምስጋናን በቃል መጠየቅን ሲማሩ ችግራቸው እንደ ቀነሰ ገለጹ። ለዘጠኝ ዓመቱ ልጃችን ይህ ምናልባት አንዲት ትንሽ ካርድ ትሆናለች። ሲጨንቀው በጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያስቀምጣታል፤ ረዳቷም ሳትናገር አጠገቡ መጥታ ጥያቄውን በለሆሳስ ታነብለታለች። ማንም አላየ፤ ማንም አላወቀ። ከዚህ ጋራ ማንበቡን የሚያስተምረው መምህር ካልተገኘ ግን ካርዷ ብቻዋን ልጁን የትም አታደርሰውም።

እዚህ ላይ ብዙ ረዳቶች ተስፋ የሚቈርጡበትን አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም። ልጁ በጩኸት ያገኝ የነበረውን ነገር ሲያጣ፣ ጩኸቱን ወዲያው አይተወውም፤ መጀመሪያ ያብሰዋል። እርሳስ ይወረውር የነበረው ወንበር ይወረውራል። ያላወቀ ሰው ዕቅዱ አልሠራም ብሎ በሦስተኛው ቀን ይተወዋል፤ ልጁም ከዚያ የሚማረው አብዝቶ ከጮኸ እንደሚያሸንፍ ነው። ሊነጋ ሲል ይጨልማል ይባል የለ? ስለዚህ ዕቅድ ሲወጣ መምህሩ፣ ረዳቷና ወላጆቹ ስለ እነዚያ ቀናት አስቀድመው መመካከር አለባቸው፤ በተለይም ሌሎቹ ልጆች በዚያን ጊዜ እንዴት እንደሚጠበቁ።

ምስጋናም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። «ጐበዝ» የሚለው ቃል ደግ ቃል ነው፤ ነገር ግን ልጁ በምን ጐበዝ እንደ ተባለ አያውቅም። «ሳትጮኽ እርዳታ ጠየቅኸኝ» ሲባል ግን ነገ የሚደግመውን ያውቃል። በሕዝብ ፊት መመስገን የሚያሳፍረው ልጅ ደግሞ አለ፤ ለእርሱ በማስታወሻ ደብተሩ ጥግ የተጻፈች አንዲት ቃል ትበቃዋለች።

የሆነ ሆኖ ዕቅድ ሁሉ ባለበትም ቁጣ የሚነድበት ቀን አይጠፋም። ጂኦፍ ኮልቪን የተባሉ የትምህርት ባለሙያ የልጅን ቁጣ በሰባት ደረጃ ከፍለው አስተምረዋል፤ ጸጥታ፣ መነሻ፣ መታወክ፣ መጋጋል፣ የቁጣው ጫፍ፣ መብረድና ማገገም ናቸው። የዚህ አከፋፈል ጥቅሙ ሥራው የሚሠራው በየትኛው ሰዓት እንደ ሆነ ማሳየቱ ነው። እግሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ እርሳሱን በጠረጴዛው ላይ ደጋግሞ ሲመታ፣ ዓይኑ ወደ በሩ ሲሄድ፣ ይህ መታወክ ነውና ገና ቃል ይሰማል። «ከላይኛው ጥያቄ ትጀምራለህ ወይስ ከታችኛው?» ማለት፣ መጽሐፍ ወደ ቤተ መጻሕፍት እንዲያደርስ መላክ፣ ውኃ እንዲጠጣ መፍቀድ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ምክር አይገባውም። በዚያን ጊዜ ረዳቱ ፊት ለፊት አይቆምም፤ ጥቂት ራቅ ብሎ ወደ ጐን ይቆማል፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ቃሉን ያሳጥራል፤ እጆቹ እንዲታዩ ያደርጋል። መምህሩ ሌሎቹን ልጆች ይዘው ይወጣሉ። አንዱን የሚናደድ ልጅ ከክፍል ጐትቶ ከማስወጣት ሃያውን ጸጥተኞች ማስወጣት ይቀላል።

ልጅን በእጅ መያዝን በተመለከተ ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ በጠቅላላው ግን ልጁ ራሱን ወይም ሌላውን ሊጐዳ በደረሰ ጊዜ ብቻ፣ በሠለጠነ ሰው፣ አደጋው እስኪያልፍ ድረስ የሚደረግ የመጨረሻ ነገር እንጂ ቅጣት ሆኖ የሚሠራ አይደለም። ያልሠለጠነ ረዳት ይህን እንዲያደርግ ቢታዘዝ ሥልጠናውን የመጠየቅ መብትም ግዴታም አለበት። በማግሥቱ ልጁ ሲመጣ የትናንቱ ዕዳ አይነሣበትም፤ «ደኅና አደርህ?» ተብሎ ወደ ቦታው ይገባል። በእኛ አስተያየት ከሥራው ሁሉ ይህ ሳይከብድ አይቀርም። የተቧጨረው ክንድ ገና አልደረቀምና።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ራሳችን ሰዎች እንመለስ። እኛ በአብነቱም ሆነ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ያደግነው መምህር ሲናገር ዓይናችንን ወደ መሬት ጥለን፣ ሲጠሩን ተነሥተን፣ ስንሳሳትም አለንጋና ቁንጥጫ ቀምሰን ነው። ከዚህ ቤት የወጣ ረዳት ፊት አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ዓይኑን አፍጥጦ «አንተ አባቴ አይደለህም» ሲለው የሚሰማው ነገር አሜሪካዊ ባልደረባው ከሚሰማው ጋራ አንድ አይደለም። ያደገበት ሥርዓት ሁሉ በአንድ ጊዜ የተደፈረ ይመስለዋል። ብዙዎች ሥራውን በመጀመሪያው ዓመት የሚጠሉት በዚህ ምክንያት ይመስለናል። ልጁ ግን የሰደበው እርሱን አይደለም፤ ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሁለት ረዳቶችም እንዲሁ ብሏቸዋል። ምናልባትም የሚወዱት ሰዎች ሁሉ ጥለውት ስለሚሄዱ፣ ይህኛውም ከመሄዱ በፊት ቀድሞ እያባረረው ይሆናል። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ልጅን መምታት በሕግ የተከለከለ መሆኑን ደግሞ አዲስ ገቢ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ጆሮ መቈንጠጥም መምታት ነው።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ኢትዮጵያዊ ልጅ በአክብሮት ዓይኑን ሲሰብር አሜሪካዊት መምህርቱ «አያዳምጠኝም» ብላ ትጽፋለች። እንዲህ ባለ ጊዜ ከክፍሉ ውስጥ አንድ ወገናችን ረዳት ቢኖር በሁለት ቃል ሊያስረዳ ይችላል። ያደጉበትን ሥርዓት ይዞ መሄድ ሸክም ብቻ እንዳልሆነ በዚህ ይታወቃል። ደግሞም በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ከፍ ያለው ተማሪ ከጀማሪው ጐን ተቀምጦ ፊደሉን እያስያዘ ማስተማሩን ያውቀዋል፤ ዝቅ ብሎ ከልጅ ጐን መቀመጥ ለእርሱ እንግዳ ሥራ አይደለም።

ጐን መቀመጥ ስንል ግን ልክ አለው። በቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ማይክል ጃንግሬኮ ከባልደረቦቻቸው ጋራ በ1997 ባወጡት ጥናት፣ ረዳቶች ያለ ማቋረጥ ከልጁ ጋራ መጣበቃቸው ያመጣውን ጕዳት አሳይተዋል። ልጁ ከጓደኞቹ ይለያል፤ ያለ ረዳቱ አንዳች ነገር ማድረግ ያቅተዋል፤ መምህሩም ልጁ የረዳቱ እንጂ የእርሱ ተማሪ መሆኑን ይረሳል። የምግብ አዳራሹን ለምሳሌ እንውሰድ። አንድ ትልቅ ሰው በልጁና በጓደኞቹ መካከል ከተቀመጠ፣ የትኛው ልጅ መጥቶ ኳስ እንጫወት ይለዋል? ስለዚህ ደኅና ረዳት መጀመሪያ አንድ ክንድ፣ ቀጥሎ አንድ ጠረጴዛ፣ በኋላም የክፍሉን ስፋት ያህል ይርቃል። ልጁ ሳያየው ያየዋል። ይህን የሚያደርግ ሰው የራሱን እንጀራ የሚያሳጥር ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን በሚቀጥለው መስከረም ሌላ ልጅ አይጠፋም።

ስለ እንጀራው ካነሣን ዘንድ እውነቱን እንናገር። የረዳት ደመወዝ ከመምህር ደመወዝ እጅግ ያነሰ ነው፤ ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው የበጋ ወራትም ብዙዎቹ ክፍያ የላቸውም። በ2002 የተፈረመው ሕግ፣ ለድኾች ተማሪዎች የሚሰጠውን የፌደራል ገንዘብ በሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች ለማስተማር ሥራ የሚቀጠር ረዳት የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ያለው፣ ወይም የንባብ፣ የጽሕፈትና የሒሳብ ፈተና ያለፈ እንዲሆን ደንግጓል፤ ሕጉ በ2015 በሌላ ሲተካ የብቃቱ መለኪያ አልተሻረም። በአገር ቤት የተማሩ ወገኖቻችን የምስክር ወረቀታቸውን አስተርጕመውና አስገምግመው ቢያቀርቡ ሊጠቅማቸው ይችላል። ከረዳትነት ተነሥተው ማታ ማታ እየተማሩ መምህር የሆኑም አሉ፤ ለመምህርነት ከዚህ የተሻለ መግቢያ በር እኛ አናውቅም።

ሌላም ለእኛ ማኅበር ልዩ የሆነ ፈተና አለ፤ እርሱም ምሥጢር መጠበቅ ነው። በ1974 የወጣ ሕግ የተማሪ መዝገብ ለሌላ ሰው እንዳይገለጥ ይከለክላል። ረዳቷና የልጁ እናት በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሱ ቢሆኑ፣ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጸዲቅ በሚቀመስበት አዳራሽ «ያ ልጅ ዛሬም አስቸገረኝ» የምትል አንዲት ቃል ብታመልጣት አንድ ቤተ ሰብ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሊቀር ይችላል። ስም ሳይጠሩ መናገርም አይበቃም፤ ሰፈሩ ትንሽ ነውና ሁሉም ያውቀዋል። የልጁ እናት ራሷ ጠጋ ብላ «እባክሽ እህቴ፣ ልጄ ዛሬ እንዴት ዋለ?» ብትላት እንኳ፣ መልሱ ከመምህሩና ከተመደበው ቀጠሮ እንዲመጣ ማድረግ ለሁለቱም ይሻላል። ከዚህ የሚለየው ልጅ እየተጐዳ ነው የሚል ጥርጣሬ ሲኖር ነው። ያን ጊዜ ዝምታ የለም፤ በአብዛኞቹ ግዛቶች የትምህርት ቤት ሠራተኛ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅ ሕግ ያስገድደዋል።

አሁን ደግሞ በጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ስለሚቀመጡት ወላጆች ጥቂት እንበል። የልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ፣ በተለምዶ አይ.ኢ.ፒ. የሚባለው፣ የሚወጣው ስድስት ሰባት ሰው በተሰበሰበበት ስብሰባ ነው። ከታክሲ ሥራው ተነሥቶ የመጣ አባት በዚያ መካከል ሲቀመጥ ፍርድ ቤት የቀረበ ይመስለዋል። «ልጅህ የስሜት መታወክ አለበት» ሲባል የሚሰማው «ልጅህ አብዷል» የሚል ነው። ኀፍረት ይይዘዋል፤ ወይም ይቈጣል፤ ወይም ደግሞ ያልገባውን ወረቀት ፈርሞ ይወጣል። ማታም ለልጁ የሚተርፈው ቁጣው ነው።

ይህ አባት ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመረመር ሲል የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይጠየቃል። ወላጁ እንግሊዝኛ በሚገባ የማይሰማ ከሆነ ትምህርት ቤቱ በስብሰባው ላይ አስተርጓሚ ያቀርብለታል፤ ይህም ልመና ሳይሆን ሕጉ ያዘዘው ነው። የዋሽንግተን ከተማም በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ ምክንያት አማርኛ የመንግሥት ጽሑፎች ከሚተረጐሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። ወገኑ የሆነችውን ረዳት «አንቺ አስተርጕሚልኝ» ማለት ግን አይመከርም። እርሷ በስብሰባው ላይ ስለ ልጁ ያየችውን የምትናገር ምስክር ናትና፣ የሁለቱን ወገን ቃል ተሸክማ እንድትመላለስ ማድረግ የእርሷን ቃል ያጠፋዋል። ልጁ በጥፋት ምክንያት በዓመቱ ውስጥ በተከታታይ ከ10 የትምህርት ቀን ለሚበልጥ ጊዜ የሚባረር ከሆነም፣ ጥፋቱ ከሕመሙ የመጣ መሆን አለመሆኑ አስቀድሞ በስብሰባ ይመረመራል። በ1988 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሳን ፍራንሲስኮ በመጣ ጕዳይ ላይ፣ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ልጅ በራሱ ሥልጣን ብቻ ለረጅም ጊዜ ሊያባርረው እንደማይችል ወስኗል።

ከሕጉ በተጨማሪ አባቱ ብቻ የሚያውቀው፣ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት ሊቃውንት የማያውቁት ነገር አለ። ልጁ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ያውቃል፤ እናቱ የሌሊት ሥራ ከጀመረች ወዲህ ጧት ጧት እንደማይበላ ያውቃል፤ ከታናሽ እኅቱ ጋራ ብቻውን ሲሆን ለሰዓታት ጸጥ ብሎ እንደሚጫወት ያውቃል። ይህ ሁሉ በረዳቷ መዝገብ ውስጥ የለም። ስለዚህ ስብሰባው ከመድረሱ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ በአማርኛ ጽፎ ይምጣ፤ አስተርጓሚው ያነብለታል። የሚጠይቀውንም ይጻፍ፤ ልጄ የሚቈጣው በየትኛው ሰዓትና በምን ትምህርት ነው? ከቁጣው በፊት ምን ይሆናል? ረዳቷ ሥልጠና የወሰደችው መቼ ነው? በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ነው ከአጠገቡ እየራቀች የምትሄደው? ስብሰባው ሲያልቅ ወረቀቱ ካልገባው፣ አሁን አልፈርምም ብሎ ወደ ቤቱ ይዞት መሄድ ይችላል።